እምነ በረድ የተፈጠረበት ሙቀት እንዴት ይለካል?

በደባርቅ፣ በዳባት ወይም ከራስ ዳሸን ግርጌ ባለችው አምቢኮ ነጭና አብለጭላጭ ድንጋይ ያገኘ ሰው እምነ በረድ መስሎት ቢደሰት አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የስሜን ተራሮች የተገነቡት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ቅልጥ አለት ነው። በጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ የሚታየው ነጭ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የድንጋዩን ቀዳዳዎች ቆይቶ የሞላ ካልሳይት ወይም ዚዮላይት ነው። ኮምጣጤ ሲፈስበት አረፋ ማውጣቱም ካልሳይት መሆኑን ይጠቁማል እንጂ እምነ በረድነቱን አያረጋግጥም።

እምነ በረድ የኖራ ድንጋይ በምድር ውስጥ በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ የሚገኝ ነው። በአገራችን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚገኘው የዳለቲ እምነ በረድ ተጠቃሽ ነው። ሙቀቱ ስንት ዲግሪ እንደነበረ ለመገመት ባለሙያዎች በአንዳንድ እምነ በረድ ውስጥ ካልሳይትና ግራፋይት፣ ማለትም የእርሳስ መጻፊያ የሚሠራበት ጥቁር ማዕድን፣ አብረው መገኘታቸውን ይጠቀሙበታል። ሁለቱም ካርቦን አላቸው። በተፈጥሮ ከሚገኘው ካርቦን 99 በመቶ ያህሉ ካርቦን 12 ሲሆን፣ 1 በመቶ ገደማው ከበድ የሚለው ካርቦን 13 ነው። ድንጋዩ ሲግል ማዕድናቱ ካርቦን ይለዋወጣሉ፤ ከባዱ ወደ ካልሳይቱ ያደላል። ሙቀቱ በጨመረ መጠን ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። በ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሺህ 4 ያህል፣ በ800 ዲግሪ ደግሞ ከሺህ 3 ያህል ይሆናል። ይህ እጅግ ጥቃቅን ልዩነት የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር በተባለ መሣሪያ ነው።

ቫሊ እና ኦኒል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ዘዴውን በሰሜን አሜሪካ ጥንታዊ እምነ በረዶች ላይ ተጠቅመውበታል። ዘዴው ገደብ አለው፤ ድንጋዩ በበቂ ካልጋለ ልውውጡ ሳይጠናቀቅ ስለሚቀር ውጤቱ ያሳስታል። ዕድሜ ከሚለካበት ካርቦን 14 ጋርም መምታታት የለበትም።

ምርመራው ለሳይንሳዊ ጥናት የሚውል ነው። የእምነ በረድ የገበያ ዋጋ በዋናነት የሚወሰነው በቀለሙ፣ በስንጥቁ ማነስና በሚወጣው ብሎክ መጠን ስለሆነ፣ ዋጋውን ያሳውቅልዎታል ለሚል ሰው ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ማዕድን መፈለግና ማምረት በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ መቆፈርም ሆነ ድንጋይ ማውጣት የተከለከለ ነው። ከፓርኩ ውጭ ያገኙትን ናሙና ግን የተገኘበትን ቦታ በትክክል መዝግበው ለወረዳዎ የማዕድን ባለሙያ ማሳየት ይችላሉ።