በሞርፊን ላይ የሚጨመረው ሁለተኛ መድኃኒት

በጠምባሮ፣ ሙዱላ ከተማ አንድ ጨቅላ በተወለደ በሁለተኛው ቀን ቢንቀጠቀጥ፣ ጡት አልይዝ ቢል፣ በቀጭን ድምፅ ያለማቋረጥ ቢያለቅስ፣ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኢንፌክሽንን፣ የስኳር ማነስን ወይም በምጥ ጊዜ መታፈንን ነው። ትክክልም ነው፤ እነዚህ ቶሎ ይገድላሉ። ነገር ግን እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ትራማዶልን የመሰለ ኦፒዮይድ (ብርቱ የሕመም ማስታገሻ) ስትወስድ ከርማ ከሆነ፣ በእትብቱ ሲደርሰው የነበረው መድኃኒት በድንገት ቀርቶበትም ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ሲቀርበት የሚመጣው ይህ ሕመም ሲጠና የሚሰጠው ሞርፊን ወይም ሜታዶን ነው። እሱ ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር ፌኖባርቢታል ወይም ክሎኒዲን ይጨመራል። ፌኖባርቢታልን የአገራችን የጨቅላ ክፍሎች ለሚያንዘፈዝፍ ሕመም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አንጎልን ያረጋጋል፤ ተቅማጡንና ትውከቱን ግን አያስታግስም፤ ሕፃኑን አፍዝዞ የመጥባት ኃይሉንም ያዳክማል። ክሎኒዲን በመሠረቱ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። እንቅልፍ የሚነሳውን የነርቭ ግርግር ያበርዳል፤ ግፊትንና የልብ ምትን ግን ዝቅ ሊያደርግ፣ ባንዴ ሲቋረጥም ግፊትን ሊያሻቅብ ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይፈልጋል።

በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በ80 ሕፃናት ላይ ተካሂዶ የታተመ ጥናት፣ ክሎኒዲን ሲጨመር ሕክምናው ከ15 ወደ 11 ቀን ማጠሩን አሳየ። በ2013 ፌኖባርቢታልና ክሎኒዲን ሲወዳደሩ፣ ፌኖባርቢታል የሞርፊኑን ሕክምና በጥቂት ቀናት አሳጠረ፤ ነገር ግን ሕፃናቱ ቤታቸው ከገቡም በኋላ በአማካይ ከ3 ወር በላይ ሲወስዱት ቆዩ። እኔ ይህን ትርፍ አልለውም። ከጠምባሮ ገጠር ለምትመጣ እናት፣ ሆስፒታል የቀነሰላት ጥቂት ቀን በወራት ምልልስ የሚከፈል ዕዳ ነው።

በ2023 በ26 የአሜሪካ ሆስፒታሎች የወጣው ውጤት ደግሞ «የትኛው መድኃኒት ይጨመር?» የሚለውን ጥያቄ ራሱን አዞረው። ሕፃኑ መጥባቱ፣ መተኛቱና ሲያባብሉት ዝም ማለቱ እየታየ ሲታከም፣ ለመውጣት የሚደርስበት ጊዜ ከ14.9 ወደ 8.2 ቀን ወረደ፤ መድኃኒት ያስፈለጋቸውም ከ52 በመቶ ወደ 20 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ፀጥ ያለ፣ ብርሃኑ የደበዘዘ ክፍል፣ የእናት ደረትና ጡት በቂ የሆኑላቸው ብዙዎች ናቸው። እናትና ልጅን ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ ደግሞ ለአዋላጆቻችን አዲስ ትምህርት አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ኦፒዮይድ ስትወስድ ከቆየች እናት ለተወለደ ጨቅላ ናሎክሶን (የኦፒዮይድን ሥራ የሚያፈርስ መድኃኒት) መስጠት የሚያንዘፈዝፍ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል።

ስለዚህ በሙዱላም በሆሳዕናም ያላችሁ አዋላጆችና ነርሶች፣ እናቲቱን አማትና ጎረቤት በሌለበት፣ ሳትቆጡ፣ «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን መድኃኒት ትወስጂ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት።