ዝም እንዲል የሚሠራ ሣጥን

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ በሬዲዮ ጥገና ቤት ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው፣ ከተበላሸ ቴፕ፣ ከአሮጌ ቴሌቪዥንና ከመኪና በር የተፈቱ ስፒከሮች አቧራ ለብሰው በመደርደሪያ ላይ ተከምረው ማየቱ አይቀርም። ከእነዚህ ሁለቱን መርጦ፣ በገዛ እጁ ሣጥን አበጅቶላቸው፣ መዝሙርም ሆነ ዘፈን በቤቱ ሊሰማባቸው የሚመኝ ሰው፣ አስቀድሞ ሐሳቡን የሚጥለው በማግኔቱ ትልቅነትና ከጀርባው በተጻፈው የዋት ቍጥር ላይ ነው፤ ሣጥኑንማ ማንም አናጢ የሚጨርሰው ተራ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ስፒከሩ በገንዘብ የሚገኝ ሲሆን የሠሪው ጥበብ የሚፈተነው በሣጥኑ ነው።

ስፒከር ማለት በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ ጥቅል ሽቦ፣ ከሽቦውም ጋር የተጣበቀ ሾጣጣ ወረቀት ነው። ከአምፕሊፋየር የሚመጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን በለዋወጠ ቍጥር ሽቦው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፣ ወረቀቱም አየሩን ያንቀጠቅጣል፤ የሰው ጆሮም ያን መንቀጥቀጥ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ባለው ወሰን ውስጥ ሲሆን ድምፅ ብሎ ይቀበለዋል። አሠራሩ በዛሬው መልኩ የጸናው ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ጥናታቸውን ካቀረቡ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም መሠረቱ አልተለወጠም። መሣሪያው ግን እጅግ አባካኝ ነው፤ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ቀሪው በሙቀት ይጠፋል። ስለዚህ በጀርባው የተጻፈው ዋት፣ ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚሸከመውን ኃይል እንጂ የሚያሰማውን ድምፅ አይናገርም፤ ሻጩ ምንም ቢምል።

ወረቀቱ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ በዚያችው ቅጽበት ከጀርባው ያለው አየር ይሳሳል። እነዚህ ተቃራኒዎች በስፒከሩ ጠርዝ ዞረው ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። 3,000 ኸርዝ ያለው ቀጭን ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ ብዙም አይነካውም፤ 50 ኸርዝ ያለው ወፍራም ድምፅ ግን ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ስለሚረዝም ስፒከሩን ያለ ችግር ዞሮ ራሱን በራሱ ያጠፋል። ሣጥን የሌለው ስፒከር የዘፋኙን ቃል እያሰማ የከበሮውን ምት የሚውጠው በዚህ ምክንያት ነውና፣ የሣጥን የመጀመሪያ ግዳጁ የጀርባውን ድምፅ ማሰር ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ሰው በቀላሉ የሚስትበት አንድ የከበረ ምክንያት አለው። በአባቶቻችን ጥበብ ሣጥን ማለት የሚያዜም ነገር ነው። የበገና ሣጥን ፊቱ በቆዳ ተለብጦ የዐሥሩን ጅማት ንዝረት እየተቀበለ ያገዝፈዋል፤ ከጅማቱም ሥር እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቍራጮች ገብተው ያን ኅሊና የሚያስጨንቀውን ጥዝዝታ ሆን ተብሎ እንዲጨምሩበት ይደረጋል። የማኅሌቱ ከበሮም ከተቦረቦረ ግንድ ሲሠራ፣ ለዚህ ግብር ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ ዋንዛ ነው፤ ቀላል፣ ለመሮና ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ በተመታም ጊዜ የሚመልስ እንጨት ነውና። ይህ ዛፍ በቤንችና በሸካ የቡና ማሳዎች መካከል ጥላ ሆኖ በየስፍራው ስለሚታይ፣ ድምፅ ማጉያ ሠሪው «ለከበሮ የሚሆን ለስፒከርም ይሆናል» ብሎ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን እውነቱ ተቃራኒው ነው። በገና ድምፁን ከሣጥኑ ይወልዳል፤ ድምፅ ማጉያ ግን በሌላ ስፍራ የተወለደውን ድምፅ ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲያደርስ የታመነ መልእክተኛ ነው። በተቀረጸው መዝሙር ውስጥ የበገናው ሣጥን አስቀድሞ ዘምሯል፤ የስፒከሩ ሣጥን ደግሞ በላዩ ከዘመረ፣ የወንዱም የሴቱም፣ የክራሩም የዋሽንቱም ድምፅ በአንድ እንጨት ጠባይ ተለውሶ ይወጣል። ስለዚህ የተሠራውን ሣጥን በጣት አንጓ ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ የሚመልስ ከሆነ ሥራው ገና ነው፤ የሚፈለገው አጭርና ደንቆሮ ድምፅ ነው። ይህም የሚገኘው ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኮምፔንሳቶ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ከሚገባ የውስጥ ማገርና በኮላ በሚገባ ከተያዘ መጋጠሚያ ነው። ኮምፔንሳቶ ስስ ንጣፎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተሻግረው የተጣበቁ ስለሆነ እንደ ሳንቃ በቀላሉ አይጣመምም።

መጣመምን ማንሣቴ ያለ ነገር አይደለም። የቴፒ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት ምድር ነው፤ ከመጋዝ ቤት ትኩስ የወጣ ሳንቃ ውሃውን በሆዱ ይዞ ይመጣል። የቡና ገበሬ ቡናውን በአልጋ ላይ ዘርግቶ እርጥበቱ ከመቶ ወደ 11 ወይም 12 እጅ እስኪወርድ ሳይቸኩል እንደሚያገላብጠው ሁሉ፣ አናጢውም ሳንቃውን ከጣሪያ ሥር ከፍ አድርጎ፣ በመካከሉ ነፋስ እያሳለፈ ሊያደርቀው ይገባል፤ አለዚያ በክረምት የተገጠመው ሣጥን በበጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቅ ደግሞ የመልክ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የታሰረው አየር በዚያ እያፏጨ ይወጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በዝግ ሣጥን የተገጠመውን ስፒከር ወረቀት በጣቶች በዝግታ ወደ ውስጥ ገፍተው ሲለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሣጥኑ ጥብቅ ነው፣ ወዲያው ከዘለለ ግን ያፈሳል። የወረቀቱ ጠርዝ ከስፖንጅ ይልቅ ከጎማ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ስፖንጅ በእርጥብና በሞቃት አገር እየተፈረፈረ ያልቃል።

የሣጥኑ መጠንም በግምት አይሆንም። ለባለ 8 ኢንች ስፒከር ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 40 ሊትር አየር ይመደባል፤ ውስጡ በ25፣ በ31ና በ40 ሳንቲ ሜትር የተለካ ሣጥን 31 ሊትር ይይዛል። ሦስቱ ልኮች እኩል ከሆኑ አንዱ ድምፅ ከሌላው ተለይቶ ያለ ልክ ስለሚያስተጋባ፣ ማበላለጡ ይበጃል። ኤድጋር ቪልቸር የተባለ ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1954 የታሰረውን አየር እንደ ሞላ ተጠቅሞ ከትንሽ ዝግ ሣጥን ጥልቅ ድምፅ እንደሚወጣ ባሳየበት መንገድ፣ ጀማሪም በዝግ ሣጥን ቢጀምር ይሻለዋል፤ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ስሌቱ ጥብቅ ነው። በውስጡ የሚጎዘጎዘው ጥጥ ወይም የበግ ጠጕር የጀርባውን ድምፅ ያረግባል፤ ጠጕሩ ካልታጠበ ግን ብል ይወርሰዋል።

ስለ ሽቦው የምለው አጭር ነው። ሁለቱ ስፒከሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ከተገናኙ አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ፣ ወፍራሙ ድምፅ ይደክማል፣ ዘፋኙም ከመካከል ይጠፋል፤ ይህን ለማወቅ አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ማስነካት በቂ ሲሆን፣ የሁለቱም ወረቀት ወደ ፊት ከወጣ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካውን ጫፍ በሁለቱም ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ባለ 4 ኦም የሆኑ ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ይህን የማይችል አምፕሊፋየር ግሎ ይቃጠላል።

በመጨረሻ ቤቱ ራሱ አለ። የቆርቆሮ ጣሪያ ዶፍ ሲወርድበት የትኛውንም ሥራ ይረታል፤ ዝናቡ ሲያባራ ግን በጨርቅ ኮርኒስ የተሸፈነው የጭቃ ቤት፣ ባዶ ከሆነውና ወለሉ ሴራሚክ ከተነጠፈበት የብሎኬት ቤት ይልቅ ቃሉን ያጠራዋል። ሣጥኑን ከማዕዘን ሥር ማስጠጋት ወፍራሙን ድምፅ ያበዛዋል፤ ለሠርግ ጥሩ ነው፣ ለስብከት ግን አይመከርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚወጣው ሣጥን፣ የሠሪው ጉልበት ሲታሰብ በገበያ ከሚሸጠው ጂፓስ ስፒከር ይረክሳል ብዬ አላታልልም። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቈረጥ ከልክሎ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከአዋጁ ባሻገር፣ ይህ እንጨት በጠባዩ ለዚህ ሥራ እንደማይሻል አይተናል። ስለዚህ ሣጥን ለመሥራት የተነሣችሁ ሁሉ ኮምፔንሳቶ ግዙ፣ ወይም ከአሮጌ ቁም ሣጥን የወጣ ደረቅ ጣውላ ፈልጉ፤ ዋንዛውን ለቡናው ጥላ፣ ለከበሮና ለበገና ሠሪው ተዉለት።