ፊደል በውስጡ ያለው ከረሜላ

በከረሜላ ላይ ስም ቢጻፍ ምን ይሆናል? ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲልሰው ጽሑፉ ይጠፋል። በእንግሊዝ አገር ግን ቢልሱትም ቢሰብሩትም ጽሑፉ የማይጠፋ ከረሜላ አለ። ስሙ «ሮክ» ይባላል፤ አለት ማለት ነው። ጥርስ የሚፈትን ነውና ስሙ አልበዛበትም። ቅርጹ እንደ አጭር ዱላ ሆኖ ርዝመቱ አንድ ስንዝር፣ ውፍረቱ አውራ ጣት ያህላል። ውጪው ቀይ ወይም ሮዝ፣ ውስጡ ነጭ ነው። በነጩ ላይ የአንድ ከተማ ስም በቀይ ፊደል ዙሪያውን ተጽፏል። በየትም በኩል ብትሰብሩት ያው ስም ይወጣል።

ጧፍን ታውቃላችሁ። ጫፉንም ብትቆርጡት፣ መካከሉንም ብትቆርጡት ክሩ አለ። የሮክም ፊደል እንዲሁ ከላይ እስከ ታች በውስጡ ያልፋል። እንዴት አድርገው እንደሚያስገቡት ነው እንግዲህ የምናየው።

በዚህ ከረሜላ ይበልጥ የታወቀችው ከተማ ብላክፑል ናት። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በባሕር ዳርቻ ላይ ትገኛለች። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1846 ባቡር ገባላት። በአቅራቢያዋ ባሉት የላንክሻየር ከተሞች ብዙ የጥጥ ፋብሪካዎች ነበሩ። ፋብሪካዎቹ በዓመት አንድ ሳምንት ይዘጋሉ፤ ላብ አደሩም ቤተሰቡን ይዞ በባቡር ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ጊዜው እኛ ዘንድ ዝናብ ሲሆን ነው፤ እዚያ ያን ጊዜ ሞቃት ነው። ለዚያች ሳምንት ግን ለብዙዎቹ ደመወዝ አይከፈልም ነበር። ደመወዝ ያለው ዕረፍት በሕግ የወጣው በ1938 ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ እንደ ዕቁብ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። ገበያ የዋለ ሰው ባዶ እጁን እንደማይገባ ሁሉ፣ እነርሱም ለቀሩት ልጆችና ለጎረቤት ሮክ ይዘው ይመለሱ ነበር። «ብላክፑል» ተብሎ ተጽፎበታልና የት እንደዋሉ ከረሜላው ራሱ ይናገራል።

ቀድሞ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ የነበረው ቤን ቡሎክ በ1887 ይህን ከረሜላ መሥራት እንደጀመረ ይነገራል። ከእርሱ በፊትም በለንደን መንገዶች ላይ በውስጡ ጽሑፍ ያለው የስኳር ዱላ ይሸጥ ስለነበረ፣ ፈጠረው ከምንል አስፋፋው ብንል ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ስኳርና ውኃ በትልቅ ድስት ይጣዳል። ከበቆሎ ወይም ከስንዴ የሚወጣ፣ ግሉኮስ የሚባል ወፍራም ሽሮፕም ይጨመርበታል። ማር ሲከርም እንደሚረጋ ስኳርም ብቻውን ቢሆን ተመልሶ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ግሉኮሱ ይህን ይከለክላል። ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በእኛ ደጋ ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው የሚፈላው። ስኳሩ ግን ውኃው እየተነነ ሲሄድ ሙቀቱ እየጨመረ እስከ 150 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ይህ ቀልድ አይደለም። የፈላ ውኃ ቢነካችሁ ይፈሳል፤ የፈላ ስኳር ግን ቆዳ ላይ ይጣበቅና ያቃጥላል።

የፈላው ስኳር ከሥሩ ቀዝቃዛ ውኃ በሚያልፍበት የብረት ጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል። ያን ጊዜ እንደ ማር ጥርት ያለ ነው። ትንሽ በረድ ብሎ እንደ ሊጥ ሲሆን ይከፋፍሉታል። ለፊደሉና ለውጪው ሽፋን የሚሆነው ቀይ ቀለም ይገባበታል። የቀረው በመሣሪያ ይጎተታል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይጎተታል፤ የናና ዘይትም ይጨመርበታል። በመጎተቱ ብዛት አየር ይገባበትና ያለ ምንም ቀለም ይነጣል። በፏፏቴ የሚወርድ ውኃ አየር ሲገባበት ነጭ አረፋ እንደሚሆን ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዋናው ጥበብ። ፊደሉ በብዕር አይጻፍም፤ ይገነባል። ሠሪው ቀዩንና ነጩን በረጃጅሙ እየቆረጠ፣ እያነባበረ፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ረጅም ግንድ አድርጎ ያቆመዋል። ከጫፉ ሲያዩት ፊደል ነው። በክብ ፊደል ሆድ ውስጥ ነጭ ይሞላል፤ አለዚያ ይጨፈለቃል። ፊደሎቹም በተራቸው አይሠሩም። ማዕዘን ያላቸው ይቀድማሉ፤ ሳይበላሹ ይቆያሉና። ክቦቹና ሾጣጣዎቹ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፤ ስኳሩ ገና ለስላሳ ሳለ ቶሎ ይጣመማሉና። በእኛ ፊደል ቢሠራ «በ» ቀድሞ «ዐ» ወደ ኋላ ይቀር ነበር። «ብላክፑል ሮክ» በእነርሱ ፊደል 13 ግንድ ይፈልጋል፤ በእኛ ቢሆን 7 ይበቃው ነበር!

ግንዶቹ በነጭ እየተለያዩ በአንድ ነጭ ምሰሶ ዙሪያ ይደረደራሉ፤ ላያቸው በቀዩ ይጠቀለላል። ይህ ትልቅ ጥቅል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ሊኖረው ይችላል፤ ሁለት ሦስት ሰው ካልተጋገዘ አይነሣም። መንከባለሉን ለአፍታ ቢተዉት ይተኛና ፊደሉ ይጣመማል። እያሞቁና እያሽከረከሩ ጫፉን ይስቡታል። እናቶች ባዘቶውን ሲስቡት እየቀጠነ ክር እንደሚሆን፣ ጥቅሉም እየቀጠነ ረጅም ገመድ ይሆናል። ጥቅሉ ሲቀጥን ፊደሉም አብሮ ያንሳል፤ መልኩን ግን አይለቅም። ገመዱ ሲደርቅ እየለኩ ይቆርጡታል።

አንድ ነገር ግን አለ። ጽሑፉ ከአንዱ ጫፍ ሲያዩት በትክክል ይነበባል፤ ከሌላው ጫፍ ሲያዩት ግን በመስተዋት ውስጥ እንዳለ ይገለበጣል።

መጎተቱን ዛሬ መሣሪያ ይሠራዋል። ፊደሉን ግን አሁንም ሰው ነው በእጁ የሚገነባው፤ ሥራውን አጥርቶ ለማወቅ እስከ 10 ዓመት ሊፈጅ ይችላል ይላሉ ባለሙያዎቹ። ስኳሩም በእጃቸው ላይ እየደረቀ ስለሚሄድ አይጠብቃቸውም። ወጣቱ ተማሪ ዓመታት ያህል ሲያጣምም ይቆያል፤ የጠመመውም ተሰባብሮ በከረጢት በርካሽ ይሸጣል። ጣዕሙ ያው ነው።