በባሕር ጠረፍ ውኃና በባሕር ምግቦች ውስጥ የሚገኙ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች

በየትምህርት ቤቱ ስለ ተላላፊ በሽታዎች በሚሰጠው ትምህርት የተበከለ ውኃ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የሰው ዓይነ ምድር የተቀላቀለበት ውኃ ነው። ይህ አስተሳሰብ እውነትነት ቢኖረውም የተሟላ አይደለም፤ ቪብሪዮ በመባል የሚታወቀው የባክቴሪያ ወገን ፍሳሽ ባልነካው የባሕር ጠረፍ ውኃ ውስጥም በተፈጥሮው ይኖራልና። የኮሌራ መንስኤ የሆነው ባክቴሪያ የዚሁ ወገን አባል በመሆኑ ጉዳዩ ከባሕር ርቆ ለሚኖረው ተማሪም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 በኦክቶበር ወር፣ በጃፓን አገር በኦሳካ አካባቢ፣ ሺራሱ የተባለውን ከደቃቅ ዓሣዎች ተቀቅሎ በከፊል ደርቆ የሚዘጋጅ ምግብ የተመገቡ 272 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነዚህም 20ዎቹ ሞቱ። የበሽታውን መንስኤ ለይተው ያወጡት የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ፉጂኖ ሲሆኑ፣ ባክቴሪያው ከጊዜ በኋላ ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ ተብሏል። ይህ ባክቴሪያ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስና ትኩሳት ያስከትላል።

ባክቴሪያውን አደገኛ ከሚያደርጉት ጠባዮች አንዱ የመራባት ፍጥነቱ ነው። ተስማሚ ሙቀትና ምግብ ሲያገኝ በ10 ደቂቃ ገደማ አንዱ ሁለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሌት አንድ ሕዋስ በሁለት ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ተከፍሎ 4,096፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ደግሞ 18 ጊዜ ተከፍሎ 262,144 ይሆናል። በአንጻሩ ቅዝቃዜ መራባቱን ይገታል፤ በሚገባ ማብሰል ደግሞ ባክቴሪያውን ይገድላል። ሆኖም የበሰለው ምግብ ጥሬ ዓሣ በነካ ቢላዋ ወይም ዕቃ እንደገና ሊበከል ይችላል።

ዛጎል ለበስ የሆነው ኦይስተር ምግቡን የሚያገኘው ውኃን እያጠለለ ስለሆነ፣ በውኃው ውስጥ ተበታትነው የነበሩት ባክቴሪያዎች በአካሉ ውስጥ ይከማቻሉ። በብዙ አገሮች ኦይስተር በጥሬው ስለሚበላ አደጋው የጎላ ነው። ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የተባለው ሌላው ዝርያ ደግሞ በምግብ ብቻ ሳይሆን በባሕር ውኃ በተነካ ቁስል በኩልም ይገባል። በተለይ የጉበት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ እጅግ ይበረታል።

የእነዚህ ባክቴሪያዎች ብዛት ከውኃው ሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። በ2004 የበጋ ወራት በሰሜን አሜሪካ፣ በአላስካ፣ በፕሪንስ ዊሊያም ሳውንድ የባሕር ወሽመጥ የተመረተ ጥሬ ኦይስተር የበሉ የመርከብ ተጓዦች በቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ ታመሙ። አካባቢው ቀዝቃዛ በመሆኑ ከስጋት ነጻ ነው ተብሎ ይገመት ነበር። በዚያ ዓመት ግን በምርት ወራቱ የእርባታው ውኃ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አልወረደም። የባሕር ውኃ እየሞቀ በሄደ መጠን የበሽታው ክልልም እንደሚሰፋ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት መምህራንና የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ሦስት ነጥቦችን ቢያስተውሉ ይጠቅማል።

ሀ) ጥርት ብሎ የሚታይ ውኃ ሁሉ ከበሽታ አምጪ ተውሳክ የጸዳ አለመሆኑ መገለጽ አለበት።

ለ) የባክቴሪያው መራባት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንደ መልመጃ ቢቀርብ፣ ምግብን ሳያቀዘቅዙ ማሳደር ለምን እንደሚጎዳ ተማሪው በራሱ ስሌት ይደርስበታል።

ሐ) ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ ጨው ያለበት ውኃ የሚሻ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ጨው አልባ ሐይቆች የሚጠመደው ዓሣ በዚህ ተውሳክ የተበከለ ነው የሚል የተሳሳተ ፍርሃት እንዳያድር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዓሣን በሚገባ ማብሰል፣ ለጥሬውና ለበሰለው የተለያየ ዕቃ መጠቀም፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ግን ለሐይቁም ለባሕሩም የሚሠሩ ደንቦች ናቸው። ትምህርቱ ፍሬ አፈራ የሚባለውም እነዚህ ደንቦች ከደብተር አልፈው በየቤቱ ማዕድ ቤት በተግባር ሲታዩ ነው።