ለጠንካራ ጣት የተሠራ ቤት

(ድምፅ፦ ሙቀጫና ዘነዘና። ሦስት አራት ጊዜ ይመታል፤ ይቆማል።)

ተራኪ፦ ሙቀጫው ዝም ያለው ቡናው ስለደቀቀ አይደለም። የእናትየው አውራ ጣት ከሥሩ ጠዝጥዞ ዘነዘናውን አስጥሏት ነው። ጎረቤት ቢጠየቅ «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ መቷት ነው» ይላል። ሐኪም ግን ለይቶ ማየት ይፈልጋል።

እጅ ላይ በብዛት የሚታዩት የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የአርትራይተስ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ኦስቲዮአርትራይተስ አጥንትና አጥንት እንዳይፋተጉ በመሃል ያለውን ልም አጥንት እያሳሳ ይሄዳል። የጣት ጫፍ መገጣጠሚያዎችን ጉብ ጉብ ያደርጋል፣ የአውራ ጣትን ሥር ይይዛል። ጠዋት እጅ ቢተሳሰርም አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፍታታል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። ሴቶችን ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበልጥ ይይዛል። የሁለቱም እጆች አንጓና የጣቶች ሥር ያብጣል፣ ይግላል፤ የጠዋቱም መተሳሰር ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ይህ ሁለተኛው ሲሆን ቶሎ መታከም ግድ ነው። የበሽታውን ጉዞ የሚገታ መድኃኒት አለ፤ መገጣጠሚያው ከተበላሸ በኋላ ግን መልሶ ማቅናት አይችልም።

ልጅ፦ እማዬ፣ ተይው በቃ። እኔ አፈላዋለሁ።

እናት፦ ትናንት ሽንኩርቱን ቀማሽኝ፣ ዛሬ ቡናውን። እኔ በቤቴ እንግዳ ልሁን?

ተራኪ፦ ልጅቱ ክፋት የለባትም። እኛ ቤት የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ተይው» የሚለውን ነው። ግን ያልሠራ እጅ ይደርቃል፤ መገጣጠሚያውን ደግፎ የያዘው ጡንቻም ይሟሽሻል። የእናትየውም ቅሬታ ተራ አይደለም። ቡና አፍልታ ጎረቤት የምትጠራ ሴት ረከቦቱን ስትቀማ ከቡናው ጋር ሌላም ነገር ይሄድባታል። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ይሥራላት?» ሳይሆን «በምን ትሥራ?» ቢሆን ይሻላል።

(ድምፅ፦ ውሃ ሲቀዳ፣ የዕቃ ኳኳታ።)

ተራኪ፦ የአውራ ጣትን ነገር ትንሽ እናፍታታው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ አንድን ነገር በ1 ኪሎ ኃይል ቆንጥጠን ስንይዝ፣ አውራ ጣቱ ሥር ያለው መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና 12 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። አሁን ቤቱን እንቃኝ። በር ላይ ቁልፍ አለ፤ ተቆንጥጦ ይዞራል። የሃይላንዱ ክዳን ተቆንጥጦ ይጠመዘዛል። ነጭ ሽንኩርት ተቆንጥጦ ይላጣል። ክብሪት፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የእንዝርት ዘንግ፣ ሌላው ቀርቶ ጉርሻው ሁሉ በእነዚያው ሁለት ሦስት ጣቶች ነው። ቤቱ ሲሠራ የታመመ እጅ ያሰበ የለም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጀበናው ነው። ሙሉ ጀበና በአንድ እጅ ይነሳል፣ አንጓ ይታጠፋል፣ አውራ ጣት እጀታው ላይ ይጫናል፣ ቡናው ሳይደፈርስ በቀጭኑ እንዲወርድም እጅ ሳይንቀጠቀጥ መቆየት አለበት። እናትየው አሁን ትንሽ ጀበና ይዛለች፤ እንግዳ ሲበዛ ደግማ ትጥዳለች። ስትቀዳ ግራ እጇን በታጠፈ ጨርቅ ከሥሩ ትደግፋለች። አቀዳዷ እንደ ድሮው አያምርም። ሲኒው ግን ይሞላል።

እናት፦ ልብስ መጭመቁን ትቼዋለሁ። እየተንጠባጠበ ገመድ ላይ ይውላል፤ ፀሐይ ታድርቀው።

ተራኪ፦ ሐኪሞች የሚሰጡት ምክርም ከዚህ አይርቅም። የጣት ሥራ ለመዳፍ ይሰጥ፣ የመዳፍ ለክንድ። ዘንቢል በጣት ከሚንጠለጠል ክንድ ላይ ይግባ። ድስት በሁለት እጅ ይነሳ። ከባዱ ሥራ እጅ ሞቅ ባለ ውሃ ተነክሮ ከተፍታታ በኋላ ይጀመር፤ ሕመሙ ሳይብስም መሃል ላይ ይታረፍ።

እጀታን ማወፈር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። አሜሪካዊቷ ቤትሲ ፋርበር እጇን አርትራይተስ ይዟት ነበር። ባለቤቷ ሳም ፋርበር የወጥ ቤት ዕቃ ነጋዴ ነበር። ተራው ቀጭን የብረት መላጫ እንዳስቸገራት አዩና፣ ከኒው ዮርኩ ስማርት ዲዛይን ጋር ሆነው ወፍራም የጎማ እጀታ ያላቸው ዕቃዎች ሠሩ። ዕቃዎቹ ኦክሶ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ዋሉ። ለታመመ እጅ የታሰበውን ጤነኛውም ወደደው፤ መላጫው ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ እስከ መግባት ደረሰ። ታሪኩ ለዓመታት የተነገረው ሚስቱ ስለታመመችበት ደግ ባል ሆኖ ነው። ቤትሲ ግን የሥነ ሕንፃ ትምህርት የነበራት ሴት ናት፤ በሐሳቡ ውስጥ የእሷ ድርሻ ተረስቶ ስሟ በሕመሟ ብቻ መነሳቱ እንዳልተዋጠላት በኋላ ተናግራለች። እውነት አላት። የትኛው ዕቃ እንደሚያም ከሚያመው ሰው በላይ ማን ያውቃል?

እዚህ ኦክሶ መፈለግ አያስፈልግም። የተጣለ የብስክሌት ከመነዳሪ ተቆርጦ ቢላዋና ማማሰያ እጀታ ላይ ሲጠመጠም ያወፍረዋል፣ መንሸራተትም ይከለክላል። ቁራጩ ክዳን ላይ ሲደረግም በመዳፍ ተጭኖ ለማዞር ይመቻል። የእናትየው ቢላዋ እጀታ አሁን ጥቁር ነው። ልጅቱ «እንግዳ ሲመጣ ደብቂው» ትላታለች፤ እሷ ከቁም ነገርም አልቆጠረችውም።

(ድምፅ፦ የክኒን ማሸጊያ ሲንኮሻኮሽ።)

ተራኪ፦ መድኃኒቱ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ዲክሎፌናክን የመሰለ ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። ሌላም ጣጣ አለው። ክኒኑ በቆርቆሮ ወረቀት ታሽጎ ይመጣል፤ የሚወጣውም በአውራ ጣት ተገፍቶ ነው።

እናት፦ ይኸውልሽ፣ ለጣቴ የታዘዘውን ለማውጣት ጣቴን ላሳምም!

ልጅ፦ ገልብጪውና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጊው። በማንኪያው እጀታ ገፋ አድርጊው። እንደሱ!

እናት፦ ወደቀ፣ ፈልጊው። ከሶፋው ሥር ገባ መሰለኝ።