ብር የተነከረው ማስክ

በሰፈራችን የመንገድ ቁፋሮ ከተጀመረ ወዲህ አቧራው መግቢያ መውጫ አሳጥቶናል። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ አቧራ ሲነካት ደረቷ ሲር ሲር ስለሚል፣ ጠዋት ማስክ ሳላደርግላት ከቤት አላስወጣትም። ባለፈው ሰሞን ማስክ ሲያልቅብኝ እናቴ ከቁም ሳጥኗ በፌስታል የተጠቀለለ የጨርቅ ማስክ አውጥታ ሰጠችኝ። በኮሮና ጊዜ ብራስልስ ያለችው እህቴ ገዝታ የላከችልን ነው።

“ይኼ እኮ ተራ ማስክ አይደለም፤ ብር የተነከረ ነው። ጀርም ይገድላል ተብሏል” አለችኝ።

ልጄን አድርጌላት ፎቶዋን ለእህቴ ላክሁላት። “እንዴት አደገች!” ትላለች ብዬ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። “እሱን አውልቂላት፤ ያኔ ሳላውቅ ነው የላክሁላችሁ” አለችኝ።

እህቴ የነገረችኝን ይዤ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። የቤልጂየም መንግሥት በኮሮና ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የጨርቅ ማስኮች በፋርማሲዎች በኩል ለሕዝቡ በነፃ አድሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የአገሪቱ የሕዝብ ጤና ተቋም ሲያንሳኖ፣ በእነዚህ ማስኮች ውስጥ የብርና የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች መኖራቸውን አሳወቀ። ባለሥልጣናቱም ለጥንቃቄ ሲባል ሰዉ እንዳያደርጋቸው መከሩ።

ናኖ ማለት ምን ያህል ትንሽ ነው? አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖ ሜትር ይጠጋል። ናኖ ቅንጣት የሚባለው ግን ከ100 ናኖ ሜትር ያልበለጠው ነው። ትልልቁን አቧራ አፍንጫችንና የጉሮሯችን አክታ ይይዙታል፤ በማስነጠስና በሳል እናስወጣዋለን። በጣም የደቀቀው ግን እስከ ሳንባችን ጥልቅ የአየር ከረጢቶች ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ልጆች ደግሞ ከክብደታቸው አንጻር ከእኛ የበለጠ አየር ይስባሉ፤ ሳንባቸውም ገና በማደግ ላይ ነው።

ይህን ሳስረዳት እናቴ አንገቷ ላይ ያለውን የብር መስቀል ያዝ አድርጋ፣ “ታዲያ ይኼን አርባ ዓመት ሳጠልቀው ምነው አልጎዳኝ?” አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው። መስቀሉ ድፍን ብር ነው፤ ወደ ሳንባ አይገባም። ችግሩ የብሩ መድቀቅና የሚገባበት መንገድ ነው። ቆርቆሮ ላይ የተለበጠ ዚንክም እንዲሁ ነው፤ ጣሪያ ላይ ሆኖ ማንንም አይነካም። ሲበየድ የሚወጣውን ጭስ የሳበ በያጅ ግን ማታ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ሊይዘው ይችላል። እርግጥ የብየዳ ጭስና ማስክ በመጠን አይወዳደሩም።

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚጨመረው ሰው ሠራሽ ክርን ነጭ ለማድረግ ስለሆነ፣ “ፀረ ጀርም” የሚል ጽሑፍ በሌላቸው ማስኮችም ይገኛል። የሲያንሳኖ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት የመረመሯቸው 12 ማስኮች በሙሉ ይህ ንጥረ ነገር ነበረባቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህን ዱቄት፣ በአየር ሲሳብ “በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል” ከሚባሉት ተርታ መድቦታል፤ መነሻውም ብዙ ዱቄት እንዲስቡ በተደረጉ አይጦች ላይ የታየው ዕጢ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ከምግብ ማቅለሚያነት አግዶታል።

ይህ ማለት ማስክ ያደረገ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። የቤልጂየሞቹ ጥናት የለካው በማስኩ ውስጥ ያለውን መጠን እንጂ ከማስኩ ወጥቶ የተሳበውን አይደለም። ካናዳም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ግራፊን የተባለ የካርቦን ዓይነት ያለባቸውን ማስኮች ሕዝቡ እንዳይጠቀም ካስጠነቀቀች በኋላ፣ መርምራ ጉዳት እንደሌላቸው ያረጋገጠቻቸውን በዚያው ዓመት ሐምሌ ወደ ገበያ እንዲመለሱ ፈቅዳለች። እኔም ከዚህ የወሰድኩት ትምህርት ቀላል ነው፤ እስኪጣራ ድረስ ልጄ ላይ አልሞክረውም።

ደግሞስ ብሩ ምን ይጨምርልናል? ማስክ የሚከላከለን በማጣራት ነው። አቧራን የሚያስቀረው የጨርቁ ጥልፍልፍና ፊት ላይ በደንብ መግጠሙ ነው፤ ብር አቧራ አያቆምም። በጨርቅ ላይ ያለ የናኖ ብር በእጥበት እንደሚወጣም በካልሲዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ስለዚህ “አጥቤ አጥቤ ላስለቅቀው” ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ ወደ ፍሳሽ ውኃችን መልቀቅ ነው።

ወላጆችና አያቶች፣ እኛ ቤት የተስማማንበትን ላካፍላችሁ። ማሸጊያው ላይ “ናኖ”፣ “ሲልቨር”፣ “የብር አዮን”፣ “ግራፊን” ወይም “ፀረ ባክቴሪያ” የሚል ማስክ ለልጅ አንገዛም። ምን እንደተነከረ የማይታወቅ አሮጌ ማስክ ከመሳቢያ አውጥተን አናደርግም። የሳሳ፣ የተቦጫጨቀና ክሩ የሚረግፍ ማስክ ይጣላል። ደረቷ ሲር ሲር የሚል ልጅ ደግሞ ማስክ ብቻውን አይበቃትም፤ ሐኪም ሊያያት ይገባል። ማስክን ጨርሶ መተው ግን አይታሰብም፤ አቧራው ራሱ ጉዳቱ የታወቀ ነው።

እናቴ ያን ቀን ዝም ብላ ሰማችኝ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ መነጽሯን አድርጋ ከአሮጌ የጥጥ አንሶላ በድርብ ማስክ ስትሰፋ አገኘኋት። ልጄ አጠገቧ ቁጭ ብላ ላስቲክ ትቆርጣለች።

“ይኼ ብርም ወርቅም የለበትም” አለችኝ እናቴ፣ ቀና ሳትል። “ያለበት ክር ብቻ ነው።”