ከሶቆትራ ማዕበል እስከ ቆቦ አውድማ፤ ጥፋተኛው የአየር ለውጥ ነውን?

የእህል ነጋዴም ሆነ ደላላ ስለ ቆቦና ስለ ራያ ቆላ ሲጠያየቅ ነገሩን የሚጀምረው ከዝናቡ ነው። በልጉ ጣለ? ክረምቱ በጊዜው ገባ? ጎርፉ ከተራራው ወረደ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ብቻቸውን ግን እንደማይበቁ የ2013 ዓ.ም. መኸር አሳይቷል። በዚያ ዓመት ክረምቱ መልካም ነበር። ማሽላው ፍሬ ቋጥሮ፣ ጤፉም ለአጨዳ ተቃርቦ ሳለ በመስከረምና በጥቅምት የበረሃ አንበጣ መንጋ በራያ ቆቦና በአጎራባች ወረዳዎች ላይ ወረደ። ዝናቡን ተማምኖ የመኸሩን መጠን የገመተ ነጋዴ ስሌቱ ፈረሰበት። የዓመት ልፋቱ በዓይኑ ፊት የተበላበት ገበሬ ደግሞ የሚሰላ ነገር እንኳ አልቀረለትም።

መንጋው ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ የቅርቡ መልስ «ከአፋርና ከየመን በኩል» የሚል ነው። ሥሩን ለሚመዝ ግን ጉዳዩ ከቆቦ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው የዐረብ ባሕር ያደርሳል።

ሁለት ማዕበል በአንድ ሳምንት

ሶቆትራ ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ በስተምሥራቅ የምትገኝ የየመን ደሴት ናት። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ቻፓላና ሜግ የተባሉ ሁለት ኃይለኛ የባሕር አውሎ ነፋሶች በአንድ ሳምንት ልዩነት መቷት። እንደ ቻፓላ ያለ ብርቱ ማዕበል ደሴቲቱን ሲያገኛት እ.ኤ.አ. ከ1922 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ደግሞ መኩኑ የተባለው ማዕበል ሶቆትራን በጎርፍ አጥለቅልቆ በኦማን ሰላላ ከተማ አቅራቢያ ወደ የብስ ወጣ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ ሉባን የተባለው ሌላ ማዕበል ምሥራቅ የመንን መታ።

እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ያፈሰሱት ዝናብ ሩብ አል ኻሊ ወደሚባለው ሰው አልባ የዐረብ በረሃ ዘለቀ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ የተፈለፈለው ኩብኩባም ለማደግ ለምለም ቅጠል ይፈልጋል። ማዕበሎቹ ሁለቱንም አቀረቡለት። ፋኦ በሚል ምኅፃር የሚታወቀው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው፣ ሁኔታው ሲመች የአንበጣ ቁጥር በሦስት ወር 20 እጥፍ፣ በስድስት ወር 400 እጥፍ፣ በዘጠኝ ወር 8,000 እጥፍ ይሆናል። በዚያ በረሃ ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት ትውልድ ያለ ተቆጣጣሪ ተራባ።

መንጋው ከዚያ ወደ የመን ተሻግሮ እንደገና ከተራባ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን አቋርጦ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ገባ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ፓዋን የተባለ ማዕበል ሶማሊያን ሲመታ ለአንበጣው ተጨማሪ እርጥበት ተገኘለት። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል፤ ነፋስ ከረዳውም በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል። ከአፋር ሜዳ ወደ ቆቦ መድረስ ለዚህ ነፍሳት የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ሳይንቲስቶቹ የሚስማሙበትና የሚጠነቀቁበት

ታዲያ ይህን ሁሉ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ነው ማለት ይቻላል? መልሱ እንደ አደጋው ዓይነት ይለያያል።

ስለ ማዕበሎቹ ከሆነ ማስረጃው ወደ «አዎን» ያዘነብላል። የባሕር አውሎ ነፋስ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞቀ ውኃ ነው፤ ምዕራባዊው የሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ባለፈው ምዕተ ዓመት ከ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሂሮዩኪ ሙራካሚ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ በዐረብ ባሕር ከመጸው ወቅት የሚነሡ እጅግ ብርቱ ማዕበሎች የመከሰት ዕድል የጨመረው በሰው ልጅ ሥራ ምክንያት እንደሚመስል ገልጸዋል። ይህ ማለት ግን መኩኑን ወይም ሉባንን ነጥሎ «ይህን የወለደው የፋብሪካ ጭስ ነው» ማለት አይደለም። ለውጡ ዕጣው የሚወጣበትን ዕድል ያበዛል እንጂ እያንዳንዱን ዕጣ ራሱ አያወጣም።

ሁለተኛው ጉዳይ በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራብና ምሥራቅ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካው ወገን ከመጠን በላይ ሞቆ የኢንዶኔዥያው ወገን ቀዝቅዞ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ በዝናብ ሲጥለቀለቅ አውስትራሊያ በድርቅና በሰደድ እሳት የተቃጠለችው በዚሁ ወቅት ነው። ይህ ልዩነት በተፈጥሮም የሚመጣና የሚሄድ ነው፤ ብዙ ሞዴሎች ግን ዓለም እየሞቀች በሄደች ቁጥር ብርቱዎቹ እንደሚደጋገሙ ያመለክታሉ።

ሦስተኛው ድርቅ ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. ሶቆትራ በማዕበል ስትመታ ቆቦና ብዙው የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል በኤልኒኞ ድርቅ ውስጥ ነበሩ፤ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገልጾ ነበር። ያንን ድርቅ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን ያሳተሙ ተመራማሪዎች ክስተቱ በጣም ብርቅ እንደነበረ፣ ኤልኒኞም እንዳባባሰው አረጋግጠው፣ የአየር ለውጥ አሻራ ግን በዝናቡ መዝገብ ላይ በግልጽ አላገኙም። በአንጻሩ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ኬንያን የመታውን ድርቅ የአየር ለውጡ ቢያንስ 100 እጥፍ ይበልጥ እንዲከሰት እንዳደረገው ሌላ ጥናት ደምድሟል። የቦረናው መልስ ለቆቦ አይሠራም፤ የቆቦውም ለቦረና።

የሰው እጅ

ለጥፋቱ ሁሉ አየሩን መክሰስ ሌላውን ተጠያቂ ነጻ ያወጣል። አንበጣው በዐረብ በረሃ ሲራባ ያየው አልነበረም፤ የመን ሲገባ ደግሞ የአገሪቱ የመከላከያ ሥራ በጦርነት ተዳክሞ ነበር። ኩብኩባ ሳለ በመሬት ላይ በርጭት ሊጠፋ ይችል የነበረው ክንፍ አውጥቶ አውሮፕላን የሚያስፈልገው ሆነ። በራያም ቢሆን ከአንበጣው ተርፎ የታጨደው ሰላም አላገኘም፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው ጦርነት በሐምሌ 2013ና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ቆቦ ድረስ ዘልቋል። በእነዚያ ዓመታት የታየውን የዋጋ መናር በሙሉ «አንበጣ ነው» ወይም «የአየር ለውጥ ነው» ብሎ የሚተነትን ሰው ሒሳቡን አጉድሏል።

ለገበያው ምን ይፈይዳል?

ከመኩኑ ማዕበል እስከ ቆቦው ወረራ ከሁለት ዓመት በላይ አለ። አንበጣው ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ እንኳ ቆቦን በከፋ ሁኔታ እስኪመታ አንድ ዓመት አልፏል። ፋኦ የበረሃ አንበጣን ሁኔታ በየወሩ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የበልግ፣ የክረምትና የበጋ ትንበያ ይሰጣል። ሁለቱንም በነጻ ማግኘት ይቻላል። በግንቦትና ከጥቅምት እስከ ኅዳር የዐረብ ባሕርን ወሬ መከታተል ለእህል ነጋዴ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።

ምልክቱን ማንበብ ግን የአካባቢውን አሠራር ማወቅ ይጠይቃል። የቆቦ ገበሬ እንደ ደጋሌትና ጅጉርቲ ያሉትን ዘግይተው የሚደርሱ የማሽላ ዘሮች የሚዘራው በሚያዝያ ዝናብ ነው። በልጉ ከቀረ ወደ ጤፍ ወይም ቶሎ ወደሚደርስ ማሽላ ይዞራል። ስለዚህ በሚያዝያ ዝናብ መቅረቱ ለነጋዴው የሚነግረው በኅዳር የማሽላ አቅርቦት እንደሚሳሳ እንጂ የእህሉ ሁሉ መጥፋት አይደለም። ቶሎ የሚደርስ ዘር ከድርቅ ያመልጣል፤ አንበጣው ከመውረዱ በፊት ከታጨደም ከመንጋው ይተርፋል። የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ የሚያገኘው የቆቦ ጊራና ሸለቆ መስኖ ደግሞ ዝናብ የጎደለውን ይሞላል፤ አንበጣን ግን አያስቆምም።

የከብት ገበያውም ተነጥሎ አይታይም። የማሽላ አገዳ የራያ ከብት ቀለብ ነው። አገዳው ሲጠፋ ባለ ከብቱ በሬውንና ላሙን ወደ ገበያ ያወጣል፤ እህል ሲወደድ ከብት ይረክሳል። በዚያን ጊዜ የገዛ ነጋዴ ያተርፍ ይሆናል፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚያርስበት የለውም። ማሳው ጦም ካደረ ደግሞ ነጋዴው በዓመቱ የሚጭነው ኩንታል ያንሳል።

ማዕበሉ ነገም ይነሣል፤ የሞቀ ባሕር ዕድሉን አብዝቶታል። ማዕበሉ ወደ ራያ መኸር መጥፋት የሚለወጠው ግን ኩብኩባው ሳይረጭ ሲቀር፣ ዘሩ ሲዘገይና ማስጠንቀቂያው ሳይነበብ ሲያልፍ ነው። እነዚህ ሦስቱ በሰው እጅ ያሉ ናቸው።